ጋሼ ረፍዷል እና መቶው ጣቢያ

ሦስት ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንዱ ቀድሞ የደረሰ ነው። ሠርግ ቤት ወንበሩ ከመኪና ሲወርድ ቆሞ የሚቆጥር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ። ሐኪም ቤት ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ዘበኛውን «እስካሁን የት ነበርክ?» በሚል ዓይን የሚቀበል፣ አውቶቡሱ ነገ የሚነሳ ሆኖ ሳለ ዛሬ ሻንጣውን ይዞ መናኸሪያውን የሚሰልል ሰውም አይጠፋችሁም። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አለ። የእኛው ግን የሁሉም አለቃ ናቸው።

ክቡር ጋሼ ረፍዷል በሙያቸው ልብስ ሰፊ፣ በሹመታቸው በትርፍ ጊዜያችን በሬዲዮ ከሩቅ አገር ሰው ጋር የምንገናኝበት የአማተር ሬዲዮ ክበባችን ሊቀመንበር ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን። ጠዋት «ረፍዷል»፣ ቀትር ላይ «ረፍዷል»፣ ሌላው ሰው «መሽቷል» በሚልበት ሰዓትም እሳቸው የሚሉት «ረፍዷል» ነው። አንድ ጊዜ የሙሽራ ሱፍ ከቀጠሮው ሁለት ወር ቀድመው ሰፍተው ጨረሱ። ሙሽራው በሁለቱ ወር ውስጥ ወፈረ። ሱፉ ሦስት ጊዜ ተተርትሮ ሦስት ጊዜ ተሰፋ። ጋሼ ግን ጥፋቱን የጣሉት ሙሽራው ላይ ነው፤ ቀደም ብሎ ማግባት ነበረበት አሉ።

ሰዓታቸው ሁሉ ይቀድማል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሰዓቱን አሥር ደቂቃ የሚያስቀድም ሰው ብዙ ነው። ጋሼ ግን የዚህን ዘዴ ድክመት ደርሰውበታል። ሰው አሥር ደቂቃ እንደሚቀድም ካወቀ በሆዱ አሥር ደቂቃ ይቀንሳል። ስለዚህ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚያስቀድሙት፤ በስንት እንደሚቀድም ራሳቸውም አያውቁም። «የማላውቀውን ከየት አምጥቼ እቀንሳለሁ?» ይላሉ በኩራት። ባለቤታቸው እንደነገሩን፣ በገዛ ቤታቸው ሰዓት ማየት ከተዉ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ሰዓት ሲያስፈልጋቸው ጎረቤት ይጠይቃሉ።

እኔ ደግሞ ሌሊት አንባቢ ነኝ። ቀን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ እሠራለሁ፣ ሰው ሲበዛብኝ ይደክመኛል፣ ቅዳሜ ጠዋት ክበቡ ሲሰበሰብ ሁልጊዜ የመጨረሻው ገቢ ነኝ። ጋሼ ቀና ብለው ሳያዩ «እንቅልፋሙ ረፍዷል» ይሉኛል። በዚያ ጠባብ ክፍል ሁሌ የሚጎድለው ወንበር ነው፤ እኔ የምቀመጥበት ግን ጎድሎ አያውቅም። ይህን ልብ ያልኩት በኋላ ነው።

ክፍሉ የሰፈራችን የሙያ ትምህርት ቤት ንብረት ነው፤ ከአናጢዎቹ ክፍል ጀርባ ያለው። መጋዙ ሲነሳ እንኳን ሩቅ አገር ያለ ሰው፣ ጠረጴዛ የምንጋራ ሰዎች አንሰማማም። ዘንድሮ ዳይሬክተሩ መጥተው ዙሪያውን አዩና፣ ይህ ክበብ ከሻይ በቀር ምን እንደሚያፈራ ጠየቁ። በመጨረሻም ቁርጡን ነገሩን። ሬዲዮናችንን ይዘን ወጥተን በአንድ ጉዞ መቶ ጣቢያ አነጋግረን ዝርዝሩን ካመጣን ክፍሉ የእኛ ነው፤ ካልሆነ የተሰበሩ ወንበሮች ይገቡበታል። ጋሼ ከሠላሳ ዓመት በፊት የመጀመሪያዋን አንቴና የተከሉት ከዚያ ክፍል ጣሪያ ላይ ነው። ዳይሬክተሩ ሲወጡ ጋሼ «ረፍዷል» እንኳ አላሉም፤ ያኔ ነው የፈራነው።

በማግስቱ የጉዞው ዕቅድ መጣ። ጉዞው ከአራት ወር በኋላ ነበር።

ዕቅዱ አሥራ አንድ ገጽ ነው፤ እያንዳንዱ ገጽ በላስቲክ ተለብጧል። ዝናብ ቢዘንብ፣ ንብ ቢወረን፣ የድንኳን ካስማ ቢሰበር፣ የተተካው ካስማም ቢሰበር፣ ለሁሉም መልስ አለው። የተመረጠው የውሃ ታንከር ያለበት ኮረብታ ነው፤ ፈቃዱም ከቅዳሜ ጠዋት እስከ እሑድ ቀትር። ተጓዦቹ አራት ነን፤ ጋሼ፣ የክበቡ አባል የሆነች አንዲት ነርስ፣ እኔ፣ እንዲሁም አድርሶን ተመልሶ እሑድ የሚወስደን ሾፌር። ስልኮቻችን ተዘግተው ጋሼ በሰፉት ከረጢት ከሾፌሩ ጋር ይወርዳሉ፤ ስልክ ሬዲዮውን ይረብሻል ተብሎ ገጽ አራት ላይ ተጽፏል። ነርሷ ሰው ቢታመምስ ብላ ስትጠይቅ ለዚህም መልስ ነበራቸው፤ ነርስ ይዘናል አሉ።

የምንይዘው አዲሱን ዓይነት ሬዲዮ ነው። መዳፍ የምታክል ሳጥን ናት፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ነው። የአየሩን ሞገድ በጆሮ ብቻ ሳይሆን በዓይን ያሳያል፤ በስክሪኑ ላይ እንደ ፏፏቴ ይወርዳል፣ እያንዳንዱ ጣቢያም አንድ ቀጭን መስመር ነው። እኔ ፏፏቴ እላለሁ፤ ጋሼ ግን መጀመሪያ ያዩት ዕለት ጠጋ ብለው «ይህማ ጣቃ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስክሪኑን የሚያዩት እንደ ጨርቅ ነው፤ ክሩ የሳሳበትን፣ ቀለሙ የለቀቀበትን ያወጣሉ።

ሳጥኗ ጉልበቷ ትንሽ ስለሆነ በድምፅ ሩቅ አትደርስም። ስለዚህ ሶፍትዌሩ አጫጭር የጽሑፍ መልእክት ይልካል፤ በየአሥራ አምስት ሰኮንዱ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል፣ ደግሞ በተራው። ክፍላችን ውስጥ ደጋግመን ሞከርነው፤ ያለ እንከን ሠራ።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አንቴናው ቆሟል፣ ባትሪው ተገናኝቷል፣ ሾፌሩም ስልኮቻችንን ይዞ ወርዷል። መጥራት ጀመርን። ማንም አልመለሰም። የሚገርመው ስክሪኑ በመስመር የተሞላ ነው፤ ዓለሙ ሁሉ ያወራል፣ ሶፍትዌሩ ግን የአንዱንም ቃል ሊፈታ አልቻለም። ገበያ መሃል ቆሞ ደንቆሮ የመሆን ያህል ነው። ነርሷ ገመዱን አንድ በአንድ ፈትሻ እንደገና ሰካች። ሁለተኛውን ላፕቶፕ አወጣን፤ እሱም ያው። አንቴናውን አውርደን ሰቀልነው። ጋሼ አሥራ አንዱን ገጽ ሁለቴ አነበቡ። ንብ አልመጣም፤ ካስማም አልተሰበረም።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ የተመዘገበው ጣቢያ ዜሮ ነው። እኔ በልቤ የተሰበሩትን ወንበሮች ክፍሉ ውስጥ መደርደር ጀምሬያለሁ። ነርሷ ገመዱን ስትፈትሽ የእጅ ሰዓቷን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታው ነበርና፣ ላቧን ጠርጋ ለነገሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀች። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ላፕቶፑን አይተው «ረፍ—» አሉና ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ።

ሰውዬው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቆባቸውን አወለቁ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ነርሷ ምኑን እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ሰዓቱን። የላፕቶፖቹን ሰዓት ዓርብ ዕለት እኔ አስቀድሜዋለሁ። ሁልጊዜ ትክክለኛውን እያያችሁ ቃሌን ትንቁ ነበር፤ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዳያስተካክልም ዘጋሁት። ለመነሻችን እንዳንዘገይ ብዬ ነው።»

አሁን ገባን። ተራ መቀባበሉ በሰዓት ነው፤ ላፕቶፑ ሁለት ሦስት ሰኮንድ ከሳተ፣ ሌላው ሲናገር ይናገራል፣ ሌላው ዝም ሲል ያዳምጣል።

«በስንት አስቀደሙት ጋሼ?» አልኳቸው፤ መልሱን እያወቅሁ።

«ዓይኔን ጨፍኜ ነዋ።»

ነርሷ ልትቆጣ ነው ስል ሳቋ አመለጣት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉ» አለች። እሳቸው ግን አልሳቁም። አራት ወር ሙሉ ለሁሉ ነገር የተዘጋጀ ሰው፣ ራሱን ብቻ ረስቶ ዝርዝሩ ውስጥ ሳያስገባ ሲቀር የሚመስለውን መሰሉ። ሠላሳ ዓመታቸውን በገዛ እጃቸው ወንበር ጭነውበታል።

የነርሷ የእጅ ሰዓት ደቂቃውን ይነግረናል፤ ሰኮንዱን ግን ማን ይመነው? በአጭር ሞገድ ትክክለኛ ሰዓት የሚያሰሙ ጣቢያዎች እንዳሉ አንድ ሌሊት አንብቤ ነበር፤ በየሰኮንዱ ጠብ፣ ጠብ ይላሉ። ችግሩ የት እንደሚገኙ አላስታውስም። በጆሮ ቢፈለግ ቀን ይፈጃል። ሳጥኗ ግን ሰፊ የአየር ቁራጭ በአንዴ ታሳያለች፤ ይህንኑ ለጋሼ ነገርኳቸው። ከድንጋዩ ተነስተው መነጽራቸውን አደረጉና ስክሪኑ ላይ ተደፉ። እኔ ቦታ እቀይራለሁ፣ እሳቸው ያያሉ። «ይህ ክር ነው፤ ይህ ቋጠሮ ነው፤ ይህን ያበላሸው ሰው ነው፤ እለፈው» ይሉኛል። እንዲህ ስንል ጥቂት ቆየን።

«ቁም» አሉ ድንገት። ጣታቸውን እኔ ምንም ያላየሁበት ጭጋግ ላይ አደረጉ። «ይህ የማሽን ስፌት ነው። የሰው እጅ እንዲህ እኩል አይሰፋም።»

ድምፁን ከፈትኩት። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ በየሰኮንዱ፣ ደቂቃው ሲሞላ ደግሞ አንድ ረዘም ያለ። ነርሷ ሰዓቷን አይታ ደቂቃውን ነገረችኝ፣ ጋሼ እጃቸውን አነሱ፣ ረጅሟ ስትመጣ ጣሉት፤ እኔም ቁልፉን ተጫንኩ። ላፕቶፑ በአሥራ ሰባት ደቂቃ ከምናምን ሰኮንድ ይቀድም ነበር። በሚቀጥለው ተራ ስክሪኑ በጽሑፍ ሞላ፤ አራት ጣቢያ እኛን ይጠራል።

ከዚያ በኋላ በተራ እየተኛን ሠራን። እሑድ ጠዋት ሰማንያ ደረስን። አምስት ሰዓት ላይ፣ ዘጠና አራተኛው ላይ እያለን፣ የሾፌሩ ክላክስ ከታች ጮኸ። ፈቃዱ ስድስት ሰዓት ነው የሚያልቀው፤ ሾፌሩ ግን አምስት ሰዓት ሳይሞላ እንዲደርስ በጋሼ ጥብቅ ትእዛዝ ተሰጥቶታል። ወጥቶ መጣና ድንኳኑ ገና መቆሙን ሲያይ ተገረመ። እንደ መቀለድ ብሎ «ጋሼ፣ ረፍዷል እኮ» አላቸው።

ጋሼ ከስክሪኑ ቀና ሳይሉ «ገና ነው» አሉ።

እኔና ነርሷ ተያየን። ሾፌሩ ነርሷን ቀስ ብሎ ታመው እንደሆነ ጠየቃት። ስድስት ሰዓት ሲሞላ መቶ ሦስት ነበርን።

ዳይሬክተሩ ዝርዝሩን አንብበው ክፍሉን ተዉልን። አንድ ቀን የጋሼን ባለቤት «ለምን ይቸኩላሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው ሳቁብኝ። «የሚቸኩል መስሎሃል? ቀድሞ ሄዶ በሩን ይከፍታል፣ ወንበር ይጠርጋል፣ ከአናጢዎቹም የጎደለውን ይለምናል። የሚመጣው ሰው ባዶ ቤት እንዳይገባ ነው» አሉኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ከስብሰባው ሁለት ሰዓት ቀድሜ ሄድኩ። ቁልፉን ከዘበኛው ተቀብዬ ከፈትኩ፣ አቧራውን አራገፍኩ፣ ከአናጢዎቹም አንድ ወንበር ለምኜ አመጣሁ። ትንሽ ቆይቶ ጋሼ ገቡና በሩ ላይ ቆሙ። እኔን አዩ፤ የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፤ ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡት።

«ረፍዷል እንዴ?» አሉኝ፣ ፊታቸው ድንግጥ ብሎ።

«ገና ነው ጋሼ» አልኩና ወንበሩን ሳብኩላቸው።