ወጣት ያደርጋል ያልኩት ቅጠል

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ አረንጓዴ ዱቄት በጣሳ ገዝታ መጣች። አንቲኦክሲዳንት ነው፣ ከተፈጥሮ ቅጠል የተሠራ፣ እርጅናን ያዘገያል አለችኝ። ቀመስኩትና ሳቄ መጣ። ሞሪንጋ የሚሉት የሽፈራው ቅጠል ነው። እኔና ሽፈራው እኮ የቆየ ትውውቅ አለን።

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ዕድሜዬ አርባ አንድ። ጎረቤቴ ጋሽ በቀለ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። ከአርባ ምንጭ ያመጡትን ሽፈራው ጓሯቸው ተክለው ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅለው ይበላሉ። ለሆድ ጥሩ ነው፣ ጉልበት ይሰጣል አሉኝ። እኔ ግን ወጣት ያደርጋል ብለው የነገሩኝ ያህል ነው የሰማሁት። ቅጠሉን ለምኜ አደረቅኩ፣ ወቀጥኩ፣ ጠዋት ማታ በውኃ በጥብጬ መጠጣት ጀመርኩ። መራራነቱን ተዉት።

ለምን እንዲህ ቸኮልክ አትሉኝም? የቀበሌያችን ጸሐፊ አልማዝ ናት ምክንያቱ። ወጣት ናት፣ ቆንጆ ናት። ታዲያ አንድ ቀን ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው አልኳት። ሳቀች። ደስ ብሏት ነው ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ ማውራት ቀጠልኩ። ቅጠሉ ነው እንዲህ ያደረገኝ እያልኩ ደረቴን ነፍቼ መሄድ ሆነ ሥራዬ።

ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና መጣ። ከሠላሳ በታች የሆነ ይመዝገብ ተባለ። የልደት ወረቀት በዚያን ጊዜ ማን ነበረው? የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠሩኝ። ሃያ ስምንት ነኝ እያልክ ስታወራ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፣ ለምን አልተመዘገብክም አሉኝ። አልማዝ አጠገባቸው እስክሪብቶ ይዛ ተቀምጣለች።

እንግዲህ ፍረዱ። እውነቱን ብናገር አልማዝ ሄደች። ብዋሽ እኔ ጦር ሜዳ ሄድኩ። ጤነኛ ሰው አርባ አንድ ብሎ ይገላገላል። እኔ ግን፣ ቂልነቴን እዩልኝ፣ ሃያ ስምንት ልል አፌን ከፈትኩ።

አልማዝ ቀደመችኝ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እሳቸው እኮ የአባቴ እኩያ ናቸው። ሃምሳን አልፈዋል።»

ሊቀመንበሩ አንድ ጊዜ ፊቴን አዩና፣ «እውነትሽን ነው፣ ይሂዱ» አሉ። ክርክር የለ፣ ምስክር የለ። እንደዚያ ቶሎ መስማማታቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቢሆንም ተርፌአለሁ። ለእኔ ብላ ይህን ያህል ከደፈረች ትወደኛለች ማለት ነው ብዬ ልቤ ሞቀ። ከሥራ እስክትወጣ በር ላይ ጠበቅኳት። ለእኔ ስትይ ስለዋሸሽ ውለታሽን አልረሳም አልኳት።

ግራ ገብቷት ቆመች።

«ምኑን ነው የዋሸሁት?»