ዶን ኒካኖር ፔች በመሠዊያው ሥር እንቁራሪት ሆነው የዋሉበት ዕለት

የፀሐይ ጌታ ኪኒች አሃው በዩካታን ሰማይ ላይ ያለ ተቀናቃኝ በነገሠ በአርባ አንደኛው ቀን፣ ዝናብ አፍሳሿ እመቤት ኢሽ ቼል እንስራዋን ከድና በተኛችበት ወራት፣ ሹሙ ዶን ሴቨሪያኖ በመንደራችን በሽኖካን በተሾሙ በሦስተኛው ዓመት፣ ጉሮሯቸው የነሐስ፣ ጉልበታቸው የሰም የሆነው፣ የባለ ሦስት ጎማዋ ታክሲ ጌታ ዶን ኒካኖር ፔች በተወለዱ በአርባ ሰባተኛው ዓመት፣ ይህ ታላቅ ሥራ ተሠራ።

በዚያም ወራት በቆሎው አበባ አውጥቶ ውኃ ሲጠብቅ ቅጠሉ ተጠቅልሎ እንደ ሲጋራ ሆነ። በሳምንት ውስጥ ካልዘነበ የዓመቱ ቀለብ እንደማይኖር ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ዶን ኒካኖርም ከአንዲት የበቆሎ ማሳ በቀር ሌላ እርሻ አልነበራቸውም። እንቁራሪቶች የዝናብ ጌታ የቻክ ዘማሪዎች ናቸውና፣ ዝናብ በሚለመንበት የእንጨት መሠዊያ አራት እግሮች አራት ልጆች ታስረው እንደ እንቁራሪት ይጮኹ ዘንድ ከጥንት ሥርዓት ነው። ነገር ግን የጸሎቱ አዋቂ ዶን ዶሮቴዮ ኡክ እንዲህ ሲሉ አዋጅ ነገሩ፦

«ስሙ። አምና ልጆቻችሁ ሳቁ፤ ቻክም ‹በእኔ ነው የሚሳቀው› ብሎ ዝናቡን ለጎረቤት መንደር ሰጠው። ዘንድሮ እንቁራሪት የሚሆነው ጢም ያለው ሰው ነው። የሳቀ እንደሆነ፣ የበቆሎው ዕዳ በራሱ ላይ ነው።»

ወእምዝ አራት ጎልማሶች ተመረጡ። አንደኛው ወገቡን አመመው፤ የሁለተኛው አማት በድንገት መጡ፤ ሦስተኛው አሁን መጣሁ ብሎ ሄደ። ዶን ኒካኖር ግን ሰበብ ለማበጀት ፈጣን ስላልነበሩ፣ ቀኝ ቁርጭምጭሚታቸው በመሠዊያው የምሥራቅ እግር ታስሮ ብቻቸውን ቀሩ።

የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ ስለ አሥራ ሦስቱ ሰማያት አሥራ ሦስት ድርብ ሆኖ በጉድጓድ የተጋገረውን ዳቦ የተሸከሙ ሰባት ሰዎች፣ በትልቅ ድስት የተቀቀሉ የቱርክ ዶሮዎች ጠባቂዎች፣ በማርና በዛፍ ልጥ የተጠመቀውን መጠጥ የሚያድሉና ከሚያድሉት ይልቅ የሚቀምሱ፣ የእንጨት ሰይፍና ቅል ይዘው በቻክ ቦታ የቆሙት ዶን ፉልሄንሲዮ፣ ያልተጠሩ ሁለት ውሾች። ሴቶች ወደ መሠዊያው አይቀርቡምና ከድንጋይ ካቡ ማዶ ቆሙ፤ የጀግናው ባለቤት ዶኛ ኤውሴቢያም ከዚያ ሆነው አወጁ፦

«አንተ ኒካኖር፣ ትሰማኛለህ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስታንኮራፋ አድሬያለሁ፤ ያ ድምፅ ዛሬ እንኳ ለቁም ነገር ይዋል። ከሳቅህ ግን ቤት አትምጣ፣ እዚያው ኩሬ ፈልግ።»

ጀግናውም ቁጢጥ ብለው «ዎ፣ ዎ፣ ዎ» አሉ። የታክሲ ባልደረቦቻቸው ከካቡ ላይ ሆነው «ዶን እንቁራሪት፣ ወደ ገበያ ነህ? እየዘለልክ ነው ወይስ በታክሲ?» ብለው አወጁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ቀጥሎ ቀይ ጉንዳኖች ግንባርና ደጀን ሠርተው በሱሪያቸው ዘመቱ፤ ጉልበትን ያዙ፤ ከጉልበት አልፈውም ጸሐፊው ሊጽፈው ወደሚያፍርበት አገር ገቡ። ጀግናው «ዎ» ከማለት በቀር አንዳች አልተናገሩም፤ ቃናው ብቻ ከፍ አለ፣ ዶን ዶሮቴዮም ዜማውን አደነቁ።

በዘጠኝ ሰዓት ቻክ የተባሉት ዶን ፉልሄንሲዮ ብዙ ቀምሰው ነበርና፣ ሰይፋቸውን ሲመዙ ተንሸራተው በቱርክ ዶሮዎቹ ድስት ውስጥ ተቀመጡ። ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን ነከሱ፤ ከካቡ ማዶ ያለው ሕዝብ በሳቅ ወደቀ። የዶን ኒካኖርም ከንፈር ተንቀጠቀጠ። ያን ጊዜ የተጠቀለለውን የበቆሎ ቅጠል አሰቡ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ «ዎ» አሉ።

የመጀመሪያው ጠብታም በአፍንጫቸው ላይ አረፈ።

ከዚያ በኋላ ሰማይ ተቀደደ። ዳቦ ተሸካሚዎች ከነዳቦው፣ ድስት ጠባቂዎች ከነዶን ፉልሄንሲዮ፣ ውሾቹ በፊታቸው፣ ዶን ዶሮቴዮ በኋላቸው፣ ሁሉም ወደ ትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ሸሹ፤ ገመዱን የፈታ ግን አልነበረም። እንቁራሪትም አዋቂው ሳይፈታው ዝም ቢል ዝናቡ ይቆማልና፣ ጀግናው ውኃው ወገባቸው ደርሶ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጮኹ። እውነተኞቹ እንቁራሪቶች ከመሬት ወጥተው ይቀበሏቸው ጀመር። በመጨረሻ ዶኛ ኤውሴቢያ ቢላዋ ይዘው ካቡን ዘለሉና «ቻክ ይቅር ይበለኝ፣ ባሌ ነው» ብለው ገመዱን ቆረጡት።

በማግስቱ ሹሙ «ይህ ዝናብ እኔ ለበላይ አካል በጻፍኩት አቤቱታ የመጣ ነው» ሲሉ አወጁ። ዶን ኒካኖር ሊቃወሙ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን «ዎ» ነበር። ደመናው አጉረመረመ፤ ሹሙም አዋጃቸውን ሳይጨርሱ ሮጡ።

እነሆ በቆሎው አፈራ። የምሥራቁ እግር ዓምድ፣ የጉንዳን ድል አድራጊ፣ የቻክ ዋና ዘማሪ ዶን ኒካኖር ፔች ክብራቸው እንዲህ ከፍ አለ፤ በአውራጃችን ሠርግ የሚደግስ ሁሉ ዛሬ ከሙሽራዋ አባት በፊት ወደ እሳቸው ሽማግሌ ይልካል፤ መልእክቱም አንድ ነው፦ «ዶን ኒካኖር፣ እባክዎ ቅዳሜን ዝም ይበሉልን።»