ሁለቱ ሰንጢዎችና የአቦይ ተክለ በር

ሰው ባሕር ማዶ ሲሰነብት ስጦታው እየረቀቀ፣ ጉብኝቱ እያጠረ ይሄዳል። ይህን የምለው በቅናት አይደለም፤ እኔም ሽቶና ካልሲ የሚልክልኝ ዘመድ አለኝ፣ እናንተም አታጡም። ግን በነጻነት ማግስት አስመራ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ የስንት ዓመት ናፍቆት ከሻንጣ ሲራገፍ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ዕቃ ነበር።

እዚያው አስመራ፣ ማይ ጭሆት ሰፈር ጎረቤቴ የነበሩት ጡረተኛው አቦይ ተክለ ሚስታቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። ሁለቱ ልጆቻቸው ጢም ሳያበቅሉ የተሰደዱ ናቸው፤ ሰመረ ጀርመን፣ ዮናስ ስዊድን። የሳሎናቸው በር ማጠፊያው ላልቶ ወለሉን እየፋቀ ሲያስቸግር፣ አናጺ ልጥራ ስላቸው "ኣይፋል፣ አይሆንም! ልጆቼ ሲመጡ ይሠሩታል" ይሉኝ ነበር። እንደገባኝ ከሆነ፣ ሽማግሌው ያማራቸው ሦስት ሆነው አንድ ሥራ ላይ ማጎንበስ ነው።

ለፋሲካ ሁለቱም መጡ። ሳይማከሩ ሁለቱም ለአባታቸው ብዙ ሥራ የሚሠራ የኪስ ሰንጢ ይዘው ከች! የሰመረው ቀይ ነው፤ መቀስ፣ መጋዝ፣ የቡሽ መክፈቻ፣ የጥርስ መጎርጎሪያ ሳይቀር አለው። (የአቦይ ተክለ ጥርስ ካለቀ ቆይቷል።) የዮናሱ ሲዘረጋ ፒንሳ ይሆናል፤ ከባድ፣ ኪስ የሚቀድ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ሌላ ወሬ ጠፋ። ኮምቢሽታቶ ጎዳና ላይ ሲንሸራሸሩ ክርክር፣ ማኪያቶ ሲቀርብ ክርክር። የማን ብረት አይዝግም? የማን ካቻቪቴ ይጠነክራል? አባት መሐል ተቀምጠው "እወ፣ ይሄም ጥሩ ነው፤ ያም ጥሩ ነው" ይላሉ። ቢፈርዱ አንዱ ይከፋል፤ ከሁለት ዓይን ደግሞ ማን መርጦ ያውቃል?

በሚመለሱበት ጠዋት ነገሩ በተግባር ይለይ ተባለ። ሰመረ የላይኛውን ማጠፊያ፣ ዮናስ የታችኛውን ይዘው ብሎን በመፍታት ተወዳደሩ። አቦይ ተክለ በሩን ደግፈው ቆሙ፤ ፊታቸው እንደ ሙሽራ አባት በርቶ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ፊት ነው። በሩ ወለቀ፣ ግድግዳው ላይ ተደገፈ፣ "እኔ ቀደምኩ"፣ "አንተ ቀላሉ ደርሶህ ነው" ሲባባሉ ታክሲው ጡሩምባውን ነፋ። አውሮፕላን አይለመንም። ተሳስመው፣ ተላቅሰው ሄዱ።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል ሰምቼ፣ በማግስቱ የራሴን ካቻቪቴ ይዤ ሄድኩ።

"አቦይ ተክለ፣ ብርዱ ሳይጎዳዎት በሩን ልግጠመው" አልኳቸው።

እጄን ያዙኝ።

"የቐንየለይ ወደይ፣ አመሰግናለሁ ልጄ፤ ተወው። በሩ ከተሠራ ምን ብዬ ልጥራቸው?"