ለበቅሎ የተመደበ ውሃ

ሰኔ ሊያልቅ ሲል ሬዲዮው የዓመቱን በጀት ማንበብ ይጀምራል። ይህን ያህል ለዚህ፣ ይህን ያህል ለዚያ እያለ ድምፁን ሳያነሣ ሳይጥል ሲወርድ፣ አብዛኛው ሰው ወይ ይዘጋዋል ወይ ሌላ ጣቢያ ይፈልጋል። እኔ ግን ወንበሬን አስጠግቼ አዳምጣለሁ። ቁጥሩ ገብቶኝ አይደለም። የማዳምጠው ተራውን ነው፤ ማን ቀደመ፣ ማን ተከተለ፣ ማን ስሙ ሳይጠራ ንባቡ አለቀ የሚለውን። እንደ እኔ ብዙ መንግሥት ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ መንግሥት ሁሉ በአዋጅ ሲናገር ሕዝቡን ይወዳል። የልቡን የሚናገረው ገንዘብ ሲያወጣ ነው።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። በጣሊያን ጊዜ፣ እዚሁ ጎንደር ላይ፣ እትዬ ጥሩወርቅ ከሚባሉ ጎረቤታችን ነው። ከእሳቸው ወገን ቆሜ የተማርኩ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። በዚያ ወራት እንጀራዬ ከሌላው ወገን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጦርነቱ በፊት አሥመራ ተሻግሬ አንድ ጣሊያናዊ አናጢ ዘንድ ጥቂት ዓመታት ሠርቻለሁ። እንጨት መላጉ ብዙም አልሆነልኝም፤ ቋንቋውን ግን ለቀምኩት። ጣሊያን ጎንደር ገብቶ መሥሪያ ቤቱን ሲያደራጅ ይህችው የለቀምኳት ቋንቋ አስጠራችኝና አስተርጓሚ ሆንኩ። ሰፈር ውስጥ ሳልፍ ሰው ወሬውን ያቋርጥ ነበር። ባንዳ ያለኝ አለ፣ ጉዳይ ሲኖረው ጌታዬ ያለኝም አለ፤ አንዳንዱ ሁለቱንም በአንድ ቀን ብሎኛል።

የማስተረጉምለት የሥራ ሹም ቀጭን፣ ወባ የሚመላለስበት፣ ነገር ሲከብደው መነጽሩን አውልቆ የሚወለውል ሰው ነበር። ሰዉ ባለመነጽሩ ይለዋል። ክፉ ነበር ለማለት ይቸግረኛል፤ ደግ ነበር ለማለት ደግሞ የባሰ ይቸግረኛል። የታዘዘውን በጥንቃቄ የሚሠራ ሰው ነበር፤ የታዘዘውም ብዙ ነው። ፒያሳ ላይ ሲኒማ ቤት ቆመ፣ ፖስታ ቤት ቆመ፣ ባንክ ቆመ፣ ማኪና የሚሽከረከርበት መንገድ ተነጠፈ። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ከሮም ይመጣል ለተባለ አንድ ትልቅ ሰው መቀበያ ይሆን ዘንድ፣ መሐል ፒያሳ ላይ ውሃ ወደ ሰማይ የሚረጭ ፏፏቴ እንዲሠራ ታዘዘ። ውሃው ከከተማው በስተሰሜን ካለ ምንጭ በብረት ቱቦ ይመጣል። ቱቦው የወለቃን መንገድ ተከትሎ ይወርድና፣ በሰፈራችን ሥር ለሥር አልፎ፣ አፉን የሚከፍተው ፒያሳ ሲደርስ ብቻ ነው።

የእኛ ሰፈር ውሃ የሚቀዳው ከቀሐ ወንዝ ነበር። ያን ቁልቁለት በክረምት ወርዶ፣ ሙሉ እንስራ አዝሎ የወጣ ሰው ካለ ምን እንደምል ያውቃል። ያልወጣ እንኳን ቀረበት።

እትዬ ጥሩወርቅ ባላቸው በጦርነቱ የሞተባቸው፣ ጠላ ጠምቀው ሸጠው የሚያድሩ ሴት ነበሩ። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ሰው የሚሰማቸው ጎንበስ ብሎ ነው። አበባ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ አግብታ እርጉዝ ነበረች። ሐምሌ ላይ አበባ፣ ከወለቃ ሸክላ ሠሪዎች የተገዛውን አዲስ እንስራ አዝላ ከቀሐ ስትወጣ ጭቃው ከዳት። እንስራው ተሰበረ። ፅንሱም ጨነገፈ። እሷም ለጥቂት ተርፋ፣ ከአልጋዋ ሳትነሣ ክረምቱ አለቀ። በዚያ ሰሞን እትዬ ጥሩወርቅን ሲያለቅሱ ያየ የለም። ሊያጽናና የመጣውን ሰው ሁሉ ግን አንድ ነገር ይጠይቁት ነበር። «ያ ከላይ እየተቆፈረ የሚመጣው ቦይ በማን ደጅ ነው የሚያልፈው?»

በእሳቸው ደጅ ነበር የሚያልፈው።

ዝናቡ አባርቶ መሬቱ ሲጠና ቆፋሪዎቹ ደረሱ። የእትዬ ጥሩወርቅ አጥር ፈረሰ፣ ለጠላው የተከሉት ጌሾ ከነሥሩ ተነቀለ። ሌላ ሰው ቢሆን ስለ ጌሾው ይሟገት ነበር። እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ቢሮ መጡ።

«ዓለሙ» አሉኝ፣ «የምለውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገርልኝ። አጥሩንም ጌሾውንም ትቼለታለሁ። ቱቦው ሲያልፍ በደጄ አንድ ቧንቧ ይተውልን። ለእኔ ብቻ አይደለም፣ ለሰፈሩ ነው።»

ነገርኩት። ባለመነጽሩ መነጽሩን ወለወለና «ቢላንቾ ውስጥ የለም» አለ።

እዚህ ላይ ተቸገርኩ። ዛሬ በጀት የሚለውን ቃል የማያውቅ የለም፤ ያን ጊዜ ግን እኔ ራሴ አላውቀውም። አሥመራ ሳለሁ አናጢው ሚስማር የሚመዝንበትን ሚዛን ቢላንቻ ይለው ስለነበር፣ የዚያ ዘመድ ይሆናል ብዬ ገመትኩ።

«ሚዛኑ ውስጥ የለም ይላል» አልኳቸው።

ጥቂት አሰቡ። «ሸጋ። ሚዛን ከሆነ ሁለት ወገን አለው። በአንዱ ወገን ፏፏቴው ተቀምጧል። በሌላው ወገን ምን አስቀምጦ ነው የመዘነው? ጠይቅልኝ።»

ይህን በጣሊያንኛ እንዴት እንዳልኩት እግዜር ይወቀው። ባለመነጽሩ ግን የገባው መሰለኝ፤ መነጽሩን ሳያወልቅ ብዙ አያቸው። ከዚያ ገንዘቡ የሚመደበው ሮም እንደሆነ፣ እሱ የተመደበውን ከማውጣት በቀር ሥልጣን እንደሌለው፣ ለአገሬው ሰፈር ውሃ የሚባል ነገር በዚያ ዓመት እንዳልተያዘ አስረዳ።

«በሚመጣው ዓመትስ?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

«በሚመጣው ዓመት የጦር ሰፈሩ ይሰፋል» አለ።

«ከዚያስ ወዲያ?»

ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ።

«እንግዲያው ተራ አልያዝኩም ማለት ነው» አሉና ወጡ።

በማግስቱ ቱቦው ሊዘረጋ ሲል እትዬ ጥሩወርቅ ቦዩ ውስጥ ተቀምጠው ተገኙ። ባዶ እንስራ ከጎናቸው አስቀምጠዋል፤ እንዝርት ይዘው ጥጥ ይፈትላሉ። መጀመሪያ ያየ ሁሉ ሳቀ። ቀትር ሲሆን ግን የጎረቤት ሴቶች እንስራ እንስራቸውን ይዘው መጥተው በቦዩ ዳር ተደረደሩ፤ ሳቁም ቀስ እያለ ጠፋ።

የቆፋሪዎቹ አለቃ አያ ካሣ የሚባሉ የዳባት ገበሬ ነበሩ። ቱቦውን ዘርግተው አፈሩን ይመልሱ የሚለውን ትእዛዝ ሳደርሳቸው ዶማቸውን ተደገፉ። «ሰው ያለበትን ጉድጓድ አልሞላም። እኔ ቀባሪ አይደለሁም» አሉና ከሣሩ ላይ ተቀመጡ። ሰዎቻቸውም ተቀመጡ። የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ሥራ የቆመበት ቀን አይከፈላቸውም።

ዛሬ ስነግራችሁ የሚያስቅ ሊመስል ይችላል። ያን ጊዜ አያስቅም ነበር። አርበኞች በየገደሉ እየተዋጉ፣ ጣሊያን ሰው ተሰብስቦ ባየ ቁጥር ሽፍታ የሚታየው፣ በማይረባ ነገር የተወሰደ ሰው ሳይመለስ የሚቀርበት ወቅት ነበር። ስለዚህ ቦዩ ዳር ተቀምጬ ለመንኳቸው።

«እትዬ፣ ይህ ነገር የውሃ ነገር ሆኖ አይቀርም። አመፅ ነው ይላሉ። ይሰቅሉዎታል።»

«ምነው ዓለሙ፣ ውሃ አጣሁ ማለት አመፅ የሆነው መቼ ነው?» አሉኝ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ። «ደግሞ አልፈራሁም አላልኩህም። ፈርቻለሁ። ፈርቼም እዚሁ ነኝ።»

ካራቢኔሪ የሚባሉት የጣሊያን ፖሊሶች መጡ። አንዱ እንስራውን በጫማው ረግጦ ሰበረው፤ ሁለቱ ክንዳቸውን በቀኝና በግራ ይዘው ከቦዩ አወጧቸውና ወደ እስር ቤት ወሰዷቸው። አስተርጓሚ ነኝና አብሬ ሄድኩ። የሚተረጎም ነገር ግን አልነበረም።

ባለመነጽሩ ነገሩ ያለቀ መስሎት ከእኔ ጋር ወደ ቦዩ ተመለሰ። በእናቷ ቦታ አበባ ተቀምጣለች። ፊቷ የገረጣ፣ ጋቢ የተከናነበች፣ ገና በቅጡ ያላገገመች።

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አለኝ።

ልጃቸው እንደሆነች ነገርኩት። ከዚያ ማንም ተርጉም ሳይለኝ፣ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ምን እንዳገኛት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። በዚያ ቢሮ በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ሳልጠየቅ ከራሴ አውጥቼ የተናገርኩት ይህን ብቻ ነው።

አበባ የምናወራው ስለ እሷ መሆኑ ገባት። «እኔንም ብትወስዱኝ» አለች፣ «የባሌ እህት ትቀመጣለች። ከእሷ ወዲያ ደግሞ እነዚህ አሉ።» በአገጯ ሴቶቹን አሳየች። ሴቶቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

ባለመነጽሩ ካራቢኔሪዎቹን አልጠራም። ለምን እንዳልጠራ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ልቡ ተነክቶ ይሆናል። ትልቁ ሰው ሊመጣ የቀረው ጥቂት ሳምንት በመሆኑ፣ በየቀኑ ሴት እያሰረ ቱቦ መዘርጋት እንደማይችል ገብቶትም ይሆናል። ሁለቱም ይሆናል፤ ሰው እንደሆነ አንድ ምክንያት ብቻ አይበቃውም።

ቱቦው ከቦዩ አፍ ላይ ተጋድሞ ሰነበተ። ፒያሳ ላይ ፏፏቴው አልቆ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ ቆሟል። አንድ ከሰዓት በኋላ ባለመነጽሩ ቢሮ ጠራኝና በሩን ዝጋ አለኝ። የበጀቱን ወረቀት ዘርግቶ ተራ በተራ ያነባል። ለጦር ሰፈር፣ ለመንገድ፣ ለሲኒማው ወንበር፣ ለመኮንኖች ክበብ። ለአገሬው ሰው ውሃ የሚል የለም። ወደ መጨረሻው ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ለጦሩ የጭነት በቅሎዎች በሰሜን መንገድ ላይ የውሃ ማጠጫ እንዲሠራ ገንዘብ ተይዟል። ቦታው ገና አልተወሰነም።

«በወለቃ መንገድ ላይ በቅሎ የት ቢጠጣ ይመቸዋል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«በእትዬ ጥሩወርቅ ደጅ» አልኩት።

መነጽሩን አወለቀ። «ሰው ይቀዳበታል የሚል ነገር አልሰማሁም።»

«እኔም አልተናገርኩም።»

እትዬ ጥሩወርቅ በዚያው ዕለት እንዲፈቱ ጽፎ ሰጠኝ። እስር ቤቱ በር ላይ ስጠብቃቸው አንገቴን ደፍቼ ነበር፤ የምሥራቹን እንዴት እንደምነግራቸው ጠፍቶኛል። ሲወጡ ከስተዋል፣ ነጠላቸው ቆሽሿል።

«ቧንቧው ሊገባ ነው፣ እትዬ» አልኩ። «የተፈቀደው ግን ለበቅሎ ነው።»

ቆሙ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ አልነበረም።

«ለበቅሎ አስበዋል፤ ለአበባ አላሰቡም» አሉ። ትንሽ ከተራመዱ በኋላ ደግሞ፣ «ይሁን። ይህን አልረሳላቸውም። ውሃውን ግን እቀዳለሁ። በቅሎዎቹም ይቅደሙ፤ እነሱ ምን አደረጉን» አሉኝ።

አያ ካሣና ሰዎቻቸው ሰፊ የድንጋይ ገንዳ ሠሩ፤ ለበቅሎ መንጋ የታሰበ በመሆኑ ቧንቧው ወፍራም ነው። ውሃው ሲለቀቅ የጦሩ በቅሎዎች ጠዋት ጠዋት መጥተው ጠጡ፣ ሄዱ። የቀረውን ሰዓት ሴቶቹ ወሰዱት። አበባ የመጀመሪያዋን እንስራ ስትሞላ እናቷ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ነበር፤ ያን ቀን እንኳን ካለቀሱ እኔ አላየሁም።

የፏፏቴው ምረቃ የዋለው የገንዳው ወሬ ገና ትኩስ ሳለ ነው። ፒያሳ በባንዲራ አሸበረቀ፣ ሙዚቀኛው ተሰለፈ፣ ትልቁ ሰው ከማኪናው ወርዶ ንግግር አደረገ። ስለ ሥልጣኔ የተናገረውን እኔ ለተሰበሰበው ሕዝብ ተረጎምኩ። ንግግሩ አለቀና የቱቦው መክፈቻ ተከፈተ። ውሃው ከሰው ቁመት በላይ ዘለለ፤ ሰዉ አጨበጨበ። ከዚያ ወገብ ላይ ደረሰ። ከዚያ ጉልበት ላይ። በመጨረሻ እንደ ሽማግሌ ምራቅ በጠርዙ ይንጠባጠብ ጀመር። ወሬውን የሰማ ሰፈር ሁሉ ያን ጠዋት እንስራውን አዝሎ ከገንዳው ደጅ ተሰልፎ ነበርና።

ባለመነጽሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «በዚህ ሰዓት በቅሎዎች ይጠጣሉ?»

«ዛሬ ከየሰፈሩ ብዙ በቅሎ መጥቷል፣ ጌታዬ» አልኩት።

መነጽሩን አውልቆ መወልወል ጀመረ። ለትልቁ ሰው ምን ብሎ እንዳስረዳው አልሰማሁም፤ ትልቁ ሰው ግን ራሱን ነቅንቆ ወደ ግብዣው ሄደ።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ የሚመጣው ዓመት በጀት ሊጻፍ ነው ሲባል፣ እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አጣፍተው እንደገና ቢሮ መጡ። በዚህ ጊዜ ቦይ ውስጥ መቀመጥ አላስፈለጋቸውም።

«ከታች ባለው ሰፈር ያሉት በቅሎዎችም ውሃ ርቋቸዋል በልልኝ» አሉ።

ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ባለመነጽሩ ብዕሩን አነሣና ስንት እንደሆኑ ጠየቀ።

«ቤት ለቤት ዞሬ ቆጥሬ እነግረዋለሁ በለው» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።