ሐጂ «ኸላስ» እስኪሉ

ለሁሉም ነገር ሣጥንና ቀስት የሚስል ኢንጂነር ገጥሟችሁ ያውቃል? የኛው ፉአድ ይባላል፤ ጅዳ ነው የሚሠራው። መካ፣ ነካሳ ሰፈር ላለው የአርባ ሰው እድራችን፣ ሚሊዮን ሰው ቢመዘገብበት የማይንገዳገድ ሲስተም ሠራልን።

ድሮ ሰው ሲሞት ሰብሳቢያችን ሐጂ ሰይድ ይደውሉና በዐረብኛ ቀላቅለው «ኸላስ፣ አበቃ፤ ያላ ለቀብር ውጡ» ይሉናል፤ እንወጣለን። ፉአድ ይህን «የማጽደቅ ሂደት» ብሎ፣ ለሳቸው ብቻ «ኸላስ» የሚል ቁልፍ አበጀ። እሳቸው ካልተጫኑት የቀብር መልእክቱ ለማንም አይሄድም።

አንድ ቀን ሐጂ ራሳቸው ወደ አኼራ ሄዱ። ልጃቸው ሞታቸውን ሲስተሙ ላይ መዘገበች። ሲስተሙ ምን ሊንገዳገድ? የሐጂን ፈቃድ ጠበቀ። እኛ የሰማነው አፈር ከለበሱ በኋላ ነው።

ፉአድ ሊያስተካክለው ተቀመጠ፤ ቁልፉን አይቶ «እኔ አልጫነውም» ብሎ ተነሣ። ሲስተሙ እስከ ዛሬ «የሐጂ ሰይድን ኸላስ በመጠበቅ ላይ» ይላል።

እውነቱን ልንገራችሁ? እኔም አብሬው እየጠበቅሁ ነው።