መርዶ ለሚስ ሎሬታ

እኛ አገር ሰው የሚቆጠረው ለሁለት ጉዳይ ነው፤ ለግብርና ለጋብቻ። ለግብር ሲቆጠር ይደበቃል፤ ለጋብቻ ሲቆጠር ደግሞ እስከ ሰባት ቤት ሙታኑ ሳይቀሩ ይቀሰቀሳሉ። አሜሪካኖች እንዲህ አይደሉም። በየአሥር ዓመቱ ያገኙትን ሰው ሁሉ ቆጥረው ይጽፋሉ፤ ከዚያ የተቆጠረው ሰው በደንብ ካረጀ ወይም ካለፈ በኋላ መዝገቡን ለፈለገ ሁሉ ይከፍቱታል። የዛሬ ሰባ ምናምን ዓመት አንዱ የልጅ ልጄ ልጅ እዚህ አሜሪካ ታከር ከተማ ያለውን ቤታችንን ሲያነብ፣ "ለሁለት ወር ልያችሁ" ብለው መጥተው በዚያው የቀሩትን አማቴን ያገኛቸዋል።

አማቴ፣ የሚስቴ እናት እማማ አስካለ፣ እንግሊዝኛ አይችሉም፤ ጎረቤታችን ሚስ ሎሬታ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ሌላ አትችልም። ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናት። ሁለቱ አጥር ተደግፈው እንዴት እንደሚግባቡ አትጠይቁኝ። ወሬው ስለ ጎመን ከሆነ ያለ አስተርጓሚ ይጨርሱታል፤ ከጎመን ካለፈ እኔ እጠራለሁ።

ሚስ ሎሬታ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሥራዋ ዘሯን መፈለግ ሆኗል። ዲኬተር ላይብረሪ ትሄዳለች፣ የድሮ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ሰርች ታደርጋለች፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ። ሰመር ላይ ዘመድ ሁሉ የሚሰበሰብበት ሪዩኒየን አላቸው፤ እዚያ ቆማ "የሁላችን እናት እገሊት ትባላለች" ልትል ቃል ገብታለች። ቅድመ አያቷን ከነሚስቱ ከነልጆቹ አግኝታዋለች። የቀረችው የእሱ እናት ናት።

አንድ ዓርብ ከሥራ ገብቼ ፓርክ ሳደርግ በረንዳዋ ላይ ኩርምት ብላ አየኋት። "አገኘኋት፣ ሃኒ" አለችኝ፤ ድምፅዋ ግን ያገኘ ሰው ድምፅ አልነበረም። ጥቁሮቹ ከባርነት ነፃ ከመውጣታቸው በፊት በነበረው ቆጠራ ባሪያ የተደረገው ሰው የሚጻፈው በጌታው ስም ሥር ነው፤ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቀለም፣ በቃ።

"ሴት፣ ሠላሳ ዓመት፣ ጥቁር" አለች። "አጠገቧ ሁለት ዓመት የሆነው ወንድ ልጅ አለ፤ ቅድመ አያቴ ነው። ቦታውም ዕድሜውም ልክ ነው። ስም ግን የለም። ለበቅሎዎቻቸው እንኳ ስም ያወጡ ነበር እኮ! ሪዩኒየኑ ላይ ምን ልናገር? አልሄድም፣ በቃ።"

"ሶሪ" ብያት ገባሁ።

እማማ አስካለ ለካ በመስኮት ሲያዩን ኖሯል። "ምን ሆና ነው?" ብለው ያዙኝ። አንድ ሳላጎድል ነገርኳቸው።

"ስም የላትም?" አሉ።

"አልጻፉትም።"

"እነሱ አይጻፉት እንጂ እናቷ ሳትጠራት አልቀረችም።" ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ትንሽ አለቀሱና ስልካቸውን አነሱ። እኔ ደግሞ ሻወር ልወስድ ገባሁ። ምነው ባልገባሁ!

ቅዳሜ ማለዳ ስነሳ ሳሎኔ ጥቁር በለበሱ ሴቶች ተሞልቷል። የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቻቸው ናቸው፤ አንዷ የሌሊት ሥራዋን ጨርሳ ሳትተኛ ነው የመጣችው። ምድጃው ላይ ድስት ሙሉ ንፍሮ አለ።

"ማን ሞተ?" አልኩ ደንግጬ።

"የሎሬታ የቅድመ አያቷ እናት ናታ!" አሉኝ አማቴ፣ ይኼን የማያውቅ አለ ወይ በሚል ፊት።

"እማማ፣ ሴትዮዋ ከሞተች እኮ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል!"

"መርዶው የደረሰው ግን ትናንት ነው።"

እስቲ ይኼን ተከራከሩት። ዘመዱ ባሕር ማዶ ሞቶ መርዶው በዓመቱ የደረሰው ስንት ሰው አይተናል፤ ለቅሶው የሚጀምረው ያኔ ነው። እኔ ግን ላብ አጠመቀኝ። አንዲት አሜሪካዊት፣ በቅዳሜ ጠዋት፣ በሯ ላይ ይኼ ሁሉ ጥቁር የለበሰ ሰው! ፖሊስ ብትጠራስ? ከዚያም የባሰው፣ በሐዘኗ የቀለድንባት ቢመስላትስ? ያቺ ሴት እኮ ልቧ የተሰበረው ገና ትናንት ነው። "ቢያንስ ቴክስት ላድርግላት" ብል "ለቅሶ በቀጠሮ የት አገር ነው?" ተባልኩ።

ሚስ ሎሬታ በሩን በቢጃማ ከፈተች። እኔን አየች፤ ከኋላዬ ያሉትን አየች። በምን አፌ እንዳስረዳኋት እንጃ፤ "ትናንት ለነገርሽኝ እናት ሊያለቅሱላት መጥተው ነው" ያልኩ ይመስለኛል። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችልን።

ሴቶቹ ሶፋውንም ምንጣፉንም ሞሉት። እማማ አስካለ እጇን ይዘው አጠገቧ ተቀመጡና "እስቲ ጠይቃት፣ ማን ብለን እናልቅስላት?" አሉኝ። የፈራሁት ይኼንኑ ነበር። ተረጎምኩ።

ሚስ ሎሬታ ሴቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። በኋላ "እኛ ዘንድ አያት ሁሉ ቢግ ማማ ናት። ቢግ ማማ በሏት" አለች።

አማቴ ትርጉም አልጠበቁም። "እማማ! እማምዬ! ልጅሽ ፈልጋ አገኘችሽ!" ብለው ጀመሩት። ቤቱ አንድ ላይ አለቀሰ። መቼም ለቅሶ ቤት ሁሉም የየራሱን ነው የሚያለቅሰው፤ የእናቱን ሞት በስልክ ሰምቶ በማግስቱ ሥራ የገባ ስንቱ ነው ከመሀከላችን! እኔም አለቀስኩ። መተርጎሙን ተውኩት፤ የጠየቀኝም የለም።

"ስትሞት አልቅሰውላት እንደሆነ አላውቅም" አለችኝ ሚስ ሎሬታ ስንወጣ፣ ዓይኗ አብጦ። "አሁን ግን ተለቀሰላት። ሪዩኒየኑ ላይ የምናገረውን አገኘሁ።" ሄደች፤ ተናገረችም።

ከሪዩኒየኑ በኋላ አንድ እሑድ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። የማላውቃቸው ሦስት ጥቁር አሜሪካውያን አሮጊቶች፣ የክት ባርኔጣቸውን አድርገው ቆመዋል። የሚስ ሎሬታ የላይብረሪ ጓደኞች ናቸው። እነሱም በመዝገቡ ውስጥ ስም የሌላቸው ሰዎቻቸውን አግኝተዋል። "ከሚያለቅሱት ሴቶች ጋር ታገናኘናለህ?" አሉኝ እያፈሩ።

ለአማቴ ተረጎምኩላቸው። "ስንት ሰው ነው የሞተባቸው?" አሉኝ። ጠየቅሁ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"በጣም ብዙ" አለች አንዷ።

እማማ አስካለ ሶፋው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁ። "እንግዲያው ይቀመጡ በላቸው" አሉ፤ "ተራ በተራ ይለቀሳል።"