አስር አለቃ ዳለቻ እንዴት አደሩ?

ተረት ተረት! «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ የዛሬው በረት የላም አይደለም፣ ሞት የሚጠብቁ የአሮጌ ወታደሮች ነው። የምተርተውም እኔ በቅሎዋ ሰጋሪት ነኝ። ራሷን ልታሞግስ ነው ብላችሁ ከሆነ የምትሰሙኝ፣ ጊዜያችሁን አታባክኑ። በዚህ ተረት ውስጥ ከእኔ የባሰ ጅል የለም፤ ጅቦቹን ጨምሬ ነው የምላችሁ።

ድሮ ድሮ በገረምባ ዱር ከጅቦች ጋር ሰባት ክረምት የፈጀ ጦርነት ነበር። ፈረሶች ተዋጉ፤ አህዮችም ስንቅና ቁስለኛ እየተሸከሙ አብረው ተዋጉ። ጅብ ሲነክስ ዘር አይጠይቅም፣ ሁሉንም እኩል ነከሰ። ከድሉ በኋላ የአራዊት ሸንጎ ተሰበሰበና «ለዱራችን የቆሰለ ሁሉ፣ ሞቱ ሲቀርብ ያለ ስቃይ የሚያርፍበት ቤት ይሠራለት» ብሎ ወሰነ። አጨበጨብን። ማጨብጨብ ላይ መቼም ማንም አይደርስብንም።

ቤቱ ተሠራ። ውስጠኛው ክፍል ከነፋስ የተከለለ፣ ደረቅ ጭድ የተነጠፈበት ነው። ደጅ ደግሞ አንድ ዳስ አለ፤ ወለሉ ድንጋይ ነው። ሐኪሟ ጉሬዛ ነበረች። ነጭ ካባ ለብሳ ስለተወለደች ሐኪምነቷን የጠየቀ የለም። ሕመም የሚያስታግስ ሥር ነበራት፤ እሱን ያኘከ ስቃዩ ይለቀውና ልጆቹን መርቆ በሰላም ይሄዳል። እኔ የቤቱ አለቃ ሆንኩ። በምን ሙያሽ ካላችሁኝ፣ ከሩቅ ሲያዩኝ ፈረስ እመስላለሁ። ከቅርብ እንዳይታወቅብኝ ደግሞ ጆሮዬን በሻሽ እጠቀልል ነበር።

በቤቱ ደንብ ውስጥ ስለ ዘር አንዲት ቃል አልነበረችም። ክፉ የሚባል እንስሳም አልነበረንም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ነገር ግን ዓመት ሳይሞላ ፈረሶቹ ሁሉ ውስጥ፣ አህዮቹ ሁሉ ደጅ ሆነው ተገኙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየጠዋቱ ጉሬዛ «እንዴት አደሩ? ሕመሙ ከአስር ስንት ነው?» እያለች ትዞራለች፤ እኔ እየተከተልኩ እጽፋለሁ። ሻምበል ዳማ የሚባል ሽማግሌ ፈረስ ነበር። ገና ጥያቄው ሳያልቅ «ከአስር አስራ ሦስት! ገደላችሁኝ እኮ! የጨካኝ ስብስብ!» ይላል። ሥር ይሰጠዋል። ከዚያ ወደ ደጅ እንወጣለን። እዚያ አስር አለቃ ዳለቻ የሚባል አህያ ተኝቷል። ጅብ የገነጠለው ታፋው አልድን ብሎ ቁስሉ አጥንት ድረስ ገብቷል።

«አስር አለቃ፣ እንዴት አደሩ?» ትላለች ጉሬዛ።

«ደህና፣ እግዜር ይመስገን። እናንተስ ደህና አደራችሁ? ልጆች ደህና ናቸው? ዝናቡስ በእናንተ በኩል እንዴት ነው?»

«ሕመሙስ?»

«ኧረ ምን ሕመም አለ! ተመስገን ነው።»

ጉሬዛ ዞር ብላ «ጠንካራ ናቸው እኮ! የአህያ ቆዳ ወፍራም ነው፣ አይሰማቸውም» ትለኛለች። እኔም «ደህና» ብዬ እጽፋለሁ፤ ደህና የተባለ ደግሞ ቦታው ደጅ ነው። በዚያ ዓመት አስራ አንድ አህዮች ድንጋዩ ላይ ሞቱ። በእኔ ጽሕፈት ግን ሁሉም ደህና ሆነው ነው የሞቱት።

አህዮች እንዲህ ናቸው። ነፍሳቸው አፍንጫቸው ላይ ደርሳ እንኳ «እንዴት ነህ» ሲባሉ ተመስገን ይላሉ። ለባዕድ ሕመምን መዘርዘር በእነሱ ዘንድ ማማረር ነው፣ ነውር ነው። የአህያን ሕመም የሚጠይቀው ዘመድ ነው፤ አጠገቡ ተኝቶ፣ ግንባሩን ከግንባሩ አስነክቶ፣ ቀስ ብሎ። ለሚያውቅ ደግሞ ጆሮውን ማየት ይበቃል። ግራው ሲወድቅ ታሟል፤ ሁለቱም ሲወድቁ መሸከም ከሚችለው አልፏል። አንቺ ይህን ሁሉ ከየት አወቅሽ አትሉኝም?

ዳለቻ አባቴ ነው።

ያ የታፋው ቁስል ከየት እንደመጣም ልንገራችሁ። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» እያላችሁ ትተርቱ የለ? ይኸኛው አስጥሏል። ሻምበል ዳማ በጅብ መንጋ ተከቦ ሲወድቅ፣ መሃል ገብቶ ግራ ቀኝ እየረገጠ ያወጣው አባቴ ነው። እንግዲህ የዳነው ውስጥ ጭድ ላይ፣ ያዳነው ደጅ ድንጋይ ላይ። እኔ ልጁ ደግሞ በየጠዋቱ ግራ ጆሮው ወድቆ እያየሁ «ደህና» እጽፋለሁ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ለጉሬዛ ብነግራት «አንቺ በምን አወቅሽ?» ማለቷ አይቀርም፤ ያኔ ሻሹ ይፈታል፣ አለቅነቱም ይሄዳል። ፈራሁ። ሌላ ስም ልፈልግለት ብዙ ሞክሬ ነበር፣ አልተገኘለትም።

አንድ ቀን ወሬው ሸንጎው ዘንድ ደረሰና በከርከሮ የሚመራ አጣሪ ቡድን መጣ።

«አህዮቹ ለምንድን ነው ሁሉም ደጅ የሚሞቱት?» አለ ከርከሮ።

«ንጹሕ አየር ይወዳሉ፤ ባህላቸው ነው» አለች ጉሬዛ። «ደግሞም ሥር ስጡን ብለው አያውቁም። ላላለቀሰ ልጅ ጡት አይሰጥም።»

ከርከሮ አዘነ። ከልቡ ነው ያዘነው፤ እንባው በክራንቻው ላይ ወረደ። ካዘነ በኋላም የዳሱ ጣሪያ እንዲታደስና በሩ ላይ «እዚህ ሁሉም እኩል ነው» ተብሎ እንዲጻፍ አዘዘ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

ጉሬዛ ግን ቅን ናት፣ ይህ አልበቃትም። «ምናልባት እኔ አጠያየቁን አላውቅበት ይሆናል» አለች። «የአህያን ወግ የሚያውቅ አንድ ቢገኝና ታመዋል ቢለኝ፣ ሥሩን ዛሬውኑ እሰጣቸዋለሁ። ከእኛ መካከል የአህያ ዘመድ የለም?»

ከርከሮ ዞር ዞር ብሎ አየና ዓይኑ ሻሼ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ወይዘሮ ሰጋሪት፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ አባትዎ ማን ናቸው?»

አባቴ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበር የተኛው። ያን ቀን ሁለቱም ጆሮዎቹ ወድቀዋል። ጥያቄውን ሲሰማ ግን ግራው ብድግ አለ፤ መልሴን ሊሰማ ነው።

«ሻምበል ዳማ አጎቴ ነው» አልኩ።

ውሸት አልተናገርኩም እኮ! የእናቴ ወንድም ነው። የተጠየቅሁት ስለ አባቴ መሆኑን ብቻ ነው የዘለልኩት። ይኸው እስከ ዛሬ በእኔ ይተረትብኛል፤ ይበለኝ።

«ወይ ጉድ፣ የጀግና ዘር ናቸዋ!» አለ ከርከሮ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረ። «አስር አለቃ፣ እርስዎስ ቤተሰብ አለዎት?»

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። «አንዲት ልጅ ነበረችኝ» አለ። «ጥሩ ቦታ ደርሳለች፣ ተመስገን።»

«ሕመምስ አለዎት?»

«ኧረ ደህና ነኝ።»

ያን ዕለት «ደህና» ብዬ መጻፍ አቃተኝ። አጣሪዎቹ ወደ ምሳቸው ሲሄዱ ወደ ጉሬዛ መደርደሪያ ሮጥኩ። አንዲት ሥር ነበረች የቀረችው፤ ለሻምበል ዳማ የከሰዓት ድርሻ የተቀመጠች። በጥርሴ ይዣት ወጣሁ። ሻሼ ደጃፉ ላይ ወደቀ፣ አላነሳሁትም።

«ወይዘሮ ሰጋሪት! ምነው ጆሮዎ?» ብላ ጮኸች ጉሬዛ።

«የአባቴ ጆሮ ነው!» አልኩ፣ በሙሉ ድምፄ። ምን ዋጋ አለው፤ ሥሩን ነክሼ ስለነበር ያልኩትን እኔም አልሰማሁት። ከርከሮም ሄዷል። የእኔ ጀግንነት ምስክሮቹ ሁሉ ምሳ ሲወጡ ነው የሚመጣው።

ድንጋዩ ላይ አጠገቡ ተኛሁና ግንባሬን ከግንባሩ አስነካሁ። ሥሩን ፊቱ አስቀመጥኩለት።

«አባዬ» አልኩት፣ «ሕመምህ ስንት ነው?»

በረጅሙ ተነፈሰ። «ልጄ» አለኝ፣ «ከዚያ ከጅቡ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። በየጠዋቱ ስትመጪ ዛሬስ ትጠይቀኝ ይሆናል እያልኩ እጠብቅሽ ነበር።»

አለቀስኩ። ሥሩን ወደ አፉ አስጠጋሁለት። አሸተተው፤ ከንፈሩን ወደ ሥሩ ዘረጋ፣ በጣም ፈልጎት ነበር። ግን አፉን አልከፈተም። በአፍንጫው ቀስ አድርጎ ወደ እኔ ገፋው።

«ለሻምበሉ ውሰጂለት» አለኝ። «አጎትሽ አይደል?»